ኢንቮይስ ለግል አሰልጣኞች፦ ምን ይጻፋል፣ ለማን ይላካል፣ ገንዘቡስ መቼ የእናንተ ይሆናል?

የግል አሰልጣኝ የሆነ ሰው ስለ ስኳት፣ ስለ ዴድሊፍት፣ ስለ ጉልበት ጉዳት ብዙ ተምሯል። ስለ ኢንቮይስ ግን ያስተማረው የለም። ስለዚህ ሴሽኑ ሲያልቅ ፎጣውን እያጣጠፈ «እንግዲህ ያቺን ነገር…» ይላል። ሰልጣኙም «ማታ እልክልሃለሁ» ብሎ ይወጣል። አንዱ ይልካል። ሌላው ይረሳል። ሌላው ደግሞ «ሦስቱን አንድ ላይ እከፍላለሁ» ብሎ አራተኛውን ጨምሮ ይጠፋል። ወር ሲያልቅ ማን ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ማን ስንት እንደከፈለ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ይሉኝታም አለ። አሰልጣኝና ሰልጣኝ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሥራ ጭንቀት፣ አንዳንዴም ስለ ትዳር ያወራሉ። እንዲህ የተቀራረቡትን ሰው ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳል። የኢንቮይስ አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፤ ጥያቄውን ከሰው አፍ ወስዶ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ግን ወረቀቱ ብቻውን ተአምር አይሠራም። አብዛኛው የሒሳብ ጭቅጭቅ ሥሩ ሲፈለግ የሚገኘው ኢንቮይሱ ከመጻፉ በፊት ነው፤ መጀመሪያ ቀን መነገር ሲገባው ሳይነገር የታለፈ ነገር አለ።

ከደረሰኝ በምን ይለያል?

ኢንቮይስ «ይህን አገልግሎት ሰጥቻለሁ፣ ወይም ልሰጥ ነው፤ ይህን ያህል ይከፈለኝ» የሚል ሰነድ ነው። ደረሰኝ ደግሞ «ተከፍሎኛል» ይላል። አንዱ ዕዳውን ይመዘግባል፣ ሌላው ዕዳው መዘጋቱን። ሰልጣኙ እዚያው ከከፈለ ኢንቮይሱ ላይ «ተከፍሏል» ብሎ ቀኑን መጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

በዚህ ዙሪያ ሁለት ሌሎች ወረቀቶች አሉ። ፕሮፎርማ ዋጋ ማሳያ ነው። «ፓኬጁን ብትገዙ ይህን ያህል ያወጣል» ይላል፤ ማንንም ባለዕዳ አያደርግም። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሰልጣኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ክሬዲት ኖት ደግሞ ቀድሞ የወጣን ኢንቮይስ በሙሉ ወይም በከፊል የሚሽር ሰነድ ነው። ዋጋ ተሳስቶ ቢጻፍ ወይም ገንዘብ ተመላሽ ቢሆን የሚወጣው እሱ ነው። የተሳሳተውን ኢንቮይስ ሰርዞ በዚያው ቁጥር ሌላ መጻፍ ይቀላል፤ ግን ሰልጣኙ እጅ ላይ ያለው አሮጌው ነው፣ እናንተ ጋ ያለው አዲሱ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሒሳብ። ኦዲተር ፊት እንዲህ ያለውን ማስረዳት አይመከርም።

ወረቀቱ ላይ ምን መኖር አለበት?

መሠረቱ ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። የአውሮፓ ኅብረት የ2006 የቫት መመሪያ አንቀጽ 226 የሚጠይቃቸውን ማየት ይበቃል፦ ኢንቮይሱ የወጣበት ቀን፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የሻጭና የገዢ ስምና አድራሻ፣ የሻጩ የቫት ቁጥር፣ የአገልግሎቱ ዓይነትና መጠን፣ የተሰጠበት ቀን፣ የአንዱ ዋጋ፣ የታክሱ መጣኔና መጠን። እዚያው መመሪያ ውስጥ ከ100 ዩሮ ላልበለጠ ሽያጭ አጠር ያለ ኢንቮይስ ይፈቀዳል። ለአንድ ለሁለት ሴሽን ብቻ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ የሚሸነፉት የአገልግሎቱ መግለጫ ላይ ነው። «ስልጠና፣ 450» ብቻ የሚል ኢንቮይስ ዛሬ ለሁለቱም ግልጽ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ለማንም ግልጽ አይደለም። ከዚህ ጋር አስተያዩት፦

«የግል ስልጠና፣ 60 ደቂቃ። የ10 ሴሽን ፓኬጅ፣ የአንዱ ዋጋ 45፣ ጠቅላላ 450። ከመጀመሪያው ሴሽን ቀን ጀምሮ ለ12 ሳምንት ያገለግላል። የሚከፈለው ከመጀመሪያው ሴሽን በፊት። ዘግይቶ የተሰረዘ ሴሽን ከፓኬጁ ይቀነሳል።»

አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ሰልጣኙ በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት «ሁለት ሴሽን ይቀሩኛል» ብሎ ቢመጣ መልሱ እጁ ላይ ነው። በኢንተርኔት ሌላ አገር ያለ ሰው የምታሠለጥኑ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ዋጋው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ የማስተላለፊያ ክፍያውን ማን እንደሚችል። 450 ተልኮ 431 ሲገባ የሚነሳው ጥያቄ ደስ አይልም።

መግለጫው ውስጥ መግባት የሌለበትም አለ። ኢንቮይስ ብዙ ሰው ያየዋል፤ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የሰልጣኙ ቀጣሪ፣ አንዳንዴም የቤተሰብ አባል። «ከወሊድ በኋላ ክብደት መቀነሻ» ወይም «የዲስክ መንሸራተት ላለበት» ብሎ መጻፍ የሰውን የጤና ምስጢር ማዝራት ነው። «የግል ስልጠና» ይበቃል።

ሌላው ደግሞ «ኢንሹራንሱ እንዲከፍልልኝ ፊዚዮቴራፒ ብለህ ጻፍልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። እንዲህ የሚጠይቅ ሰልጣኝ ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ መጠየቁ ምን ችግር አለው ብሎ ነው። የፊዚዮቴራፒ ፈቃድ የሌለው አሰልጣኝ እንዲያ ብሎ ከጻፈ ግን ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቷል። ተጠያቂው የፈረመው ነው። በትሕትና «አልችልም» ማለት ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ኢንቮይሱ የሚላከው ለማን ነው?

ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ለሚሠለጥነው ሰው ነዋ! ግን ጂም ውስጥ ለሚሠራ አሰልጣኝ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

አንዳንድ አሰልጣኝ ለጂሙ ቦታ ኪራይ ይከፍላል፤ ሰልጣኞቹ የራሱ ናቸው። እዚህ ላይ አሰልጣኙ ለሰልጣኙ ኢንቮይስ ያወጣል፣ ጂሙ ደግሞ ለአሰልጣኙ የኪራይ ኢንቮይስ። ሌላው ጂም ሰልጣኙን ራሱ ያመጣል፣ ራሱ ያስከፍላል፣ ለአሰልጣኙ በሴሽን ይከፍላል። እዚህ የአሰልጣኙ ደንበኛ ጂሙ ነው፤ ኢንቮይሱም ወደ ጂሙ ይሄዳል። ደሞዝተኛ የሆነ አሰልጣኝ ጭራሽ ኢንቮይስ አያወጣም።

የሚያወዛግበው መሃል ላይ ያለው ነው። ሰልጣኙ 60 ለጂሙ ካሸር ይከፍላል፣ ጂሙ 20 ቆርጦ 40 ለአሰልጣኙ ይሰጣል። የአሰልጣኙ ገቢ 60 ነው ወይስ 40? መልሱን ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለፈ አይወስነውም። ሰልጣኙ ውል የገባው ከማን ጋር ነው? ከአሰልጣኙ ጋር ከሆነና ጂሙ ሰብሳቢ ብቻ ከሆነ፣ ገቢው 60 ሲሆን 20ው ወጪ ነው። ውሉ ከጂሙ ጋር ከሆነ ገቢው 40 ነው። በኪስ የሚገባው ያው 40 ስለሆነ «ምን ለውጥ አለው?» ይባላል። ለውጡ የሚታየው የዓመት ሽያጭ ሲደመር ነው፤ ለቫት መመዝገብ ግዴታ መሆን አለመሆኑ በሽያጩ ነውና፣ በትርፉ አይደለም።

መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ኢንቮይሱ በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ይሁን። የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር ካለው ቁጥሩ ይጻፍ። አንድ ቁጥር ጎድሎ የሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ወር የሚተኛ ኢንቮይስ ሞልቷል።

ፓኬጅ ሸጬ ገንዘቡን ተቀበልኩ። የኔ ሆነ ማለት ነው?

በከፊል። የአሰልጣኞች ሒሳብ ከሌላው ነፃ ሠራተኛ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

ለነገ ጉዞ የአውቶቡስ ትኬት የሸጠ ድርጅትን አስቡት። ገንዘቡ ዛሬ ካዝናው ውስጥ ነው። አውቶቡሱ ግን ገና አልተነሳም። እስኪደርስ ድረስ ድርጅቱ ለተሳፋሪው ዕዳ አለበት፤ የሚከፍለውም በጉዞ ነው። ፓኬጅም እንዲሁ ነው። 450 ተቀብላችኋል፣ አሥር ሴሽን ዕዳ አለባችሁ። አንድ ሴሽን ባሠራችሁ ቁጥር 45ቱ ከዕዳ ወደ ገቢ ይሻገራል። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት አይኤፍአርኤስ 15 የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ገቢ የሚመዘገበው አገልግሎቱ ሲሰጥ ነው።

ግብሩ ላይ ግን ሌላ መንገድ አለ። አነስተኛ ነጋዴ በብዙ አገር ገንዘብ በገባበት ቀን ገቢ አድርጎ መመዝገብ ይፈቀድለታል። በእንግሊዝ ለምሳሌ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ዋናው አሠራር ሆኗል። ወረቀት ይቀንሳል። ችግሩ ሰውን ማዘናጋቱ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ሃያ ፓኬጅ የሸጠ አሰልጣኝ ሀብታም መስሎ ይታየዋል፣ ግብሩንም በዚያው ልክ ይከፍላል። ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግን ቀድሞ የበላውን ገንዘብ ሲሠራ ይከርማል። ታሞ ቢተኛ ደግሞ የሚመልሰው ገንዘብ የለም። ለዚህ ነው ብልህ አሰልጣኝ ያልተሠራበትን የፓኬጅ ገንዘብ ሌላ አካውንት ውስጥ የሚያስቀምጠው። ሕግ ስላስገደደው አይደለም፤ እንቅልፍ ስለሚሰጠው ነው።

አሁን ሰልጣኙ አራት ሴሽን ሠርቶ «ሌላ ከተማ ልዛወር ነው፣ የቀረውን መልስልኝ» ቢልስ? ስንት ይመለስለታል?

የአንድ ሴሽን መደበኛ ዋጋ 50፣ በፓኬጅ 45 ነው እንበል። አንደኛው ስሌት፦ የቀሩት ስድስት ናቸው፣ 6 ጊዜ 45፣ 270 ይመለስ። ሁለተኛው ስሌት፦ ቅናሹ የተሰጠው አሥር ለገዛ ሰው ነው፤ አራት ብቻ ከሠራ ዋጋው 50 ነው፤ 4 ጊዜ 50፣ 200፤ ከ450 ሲቀነስ 250 ይመለስ። የ20 ልዩነት። ሁለቱም ያስኬዳሉ። አሰልጣኙ ሁለተኛውን ይመርጣል፣ ሰልጣኙ አንደኛውን፣ ሁለቱም ራሳቸውን ትክክል አድርገው ያያሉ። ቀድሞ የተጻፈ ነገር ከሌለ ማን ይፍረድ? እኔ ብጠየቅ፣ ሰልጣኙ በሽታ ወይም ጉዳት ገጥሞት ከሆነ አንደኛው፣ ሐሳቡን ቀይሮ ከሆነ ሁለተኛው ይሁን ብሎ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ያስማማል እላለሁ። በርቀት የተሸጠ አገልግሎት ላይ ደግሞ ሕጉ ራሱ ለገዢው የመመለስ መብት የሚሰጥበት ቦታ አለ። በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት የተገዛ አገልግሎትን ሸማቹ በመርህ ደረጃ በ14 ቀን ውስጥ መተው ይችላል፤ በዚያ ላይ «ገንዘብ አይመለስም» ብሎ መጻፍ አያድንም።

የማብቂያ ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። 12 ሳምንት ያለፈበት ፓኬጅ ይቃጠላል ማለት ይቻላል፤ ግን ሰልጣኟ ቁርጭምጭሚቷ ወልቆ አምስት ሳምንት ቤት ብትውል ሰዓቱ ይቆማል ወይስ ይቆጥራል? «የሐኪም ወረቀት ላመጣ ሰው ጊዜው ይቆማል» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ቅሬታ ታስቀራለች።

ሰልጣኙ ሳይመጣ ቢቀርስ?

አሰልጣኝ የሚሸጠው ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ባዶ የቀረ ሴሽን ከሰዓት ተመልሶ አይሸጥም። ስለዚህ ከ24 ሰዓት በፊት ያልተሰረዘ ሴሽን ይከፈልበታል የሚለው ደንብ በሙያው የተለመደ ነው። ፓኬጅ ላለው ሰው አዲስ ኢንቮይስ አያስፈልግም፤ ከቀሪው ላይ አንድ ይቀነሳል፣ የዚያኑ ዕለት «ስድስት ቀርተዋል» የሚል መልእክት ይላካል። በየሴሽኑ ለሚከፍል ሰው ግን ኢንቮይሱ ላይ «ዘግይቶ የተሰረዘ ሴሽን» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። እንደተሠራ ሴሽን አድርጎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ሰልጣኙም «እኔ እኮ አልመጣሁም» ብሎ ሙሉውን ኢንቮይስ ለመካድ በር ያገኛል።

ታክሱስ? ያልተሰጠ አገልግሎት ስለሆነ የለበትም ብሎ ማሰብ ይቻላል። የእንግሊዝ ግብር ባለሥልጣን ግን ከማርች 2019 ጀምሮ ደንበኛው ሳይጠቀምበት ለቀረ አገልግሎት የተያዘው ገንዘብም ቫት አለበት ይላል። የራሳችሁ አገር ምን እንደሚል ጠይቁ።

ደንቡ ወደ ሁለቱም ወገን ቢቆርጥ ጥሩ ነው። አሰልጣኙ በአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ቀጠሮ ሲሰርዝ ምንም የማይሆን ከሆነ፣ ሰልጣኙ ለራሱ ቅጣት ለምን ይክፈል?

ቫት ልጨምር?

ቫት መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንሳይ በ1954 ነው። ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ሽያጩ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ መመዝገብ አይገደድም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ኢንቮይሱ ላይ ቫት ብሎ ማስከፈል አይችልም። «ለማንኛውም ልጨምርና ትልቅ ድርጅት ልምሰል» ማለት ሕግ መጣስ ነው።

የተመዘገበ አሰልጣኝ የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። ሴሽን 60 ነው፣ ቫት ውስጡ አለ፣ መጣኔው 20 በመቶ ነው እንበል። ብዙ ሰው የ60ን 20 በመቶ ወስዶ 12 ይላል። ትክክሉ 10 ነው። 60 ማለት 50 ዋጋ ሲደመር የ50 20 በመቶ ነውና። ለማስላት 60ን ለ1.2 ማካፈል ነው። በሴሽን ሁለት ሁለት ቢሳሳቱ በዓመት ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት። ለግለሰብ ሰልጣኝ ዋጋ ስትነግሩ ታክሱን ጨምራችሁ ንገሩ፤ «60» ብሎ «72» የሚል ኢንቮይስ መላክ ወዳጅነት ያበላሻል።

አልከፈለም። አሁንስ?

ቀድሞ መቀበል አብዛኛውን ችግር ያስቀራል። የኮርፖሬት ኢንቮይስ ላይ የሚታየውን «በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል» የሚለውን ለግለሰብ ሰልጣኝ መገልበጥ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። የ30 ቀን ጊዜ የተሠራው በድርጅትና በድርጅት መካከል ላለ ንግድ ነው።

የቅጣት ወለድም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 የዘገየ ክፍያ መመሪያ ለሻጩ ወለድና ቢያንስ 40 ዩሮ ካሳ ይሰጣል፤ ግን ለድርጅቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው፣ ሸማቾችን አይነካም። ከኢንተርኔት የወረደ የኢንቮይስ ቅጽ ግርጌ ላይ የተጻፈ ማስፈራሪያ ሰልጣኙ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ማስታወሻው አጭር ይሁን። «ሰላም፣ እንደምን ዋሉ። የኢንቮይስ ቁጥር 24 መክፈያ ቀን ትናንት ነበር። አላዩት ይሆናል ብዬ በድጋሚ አያይዣለሁ። ከፍለው ከሆነ ማረጋገጫውን ቢልኩልኝ እዘጋዋለሁ።» ይቅርታ መለማመጥ የለበትም፣ ወቀሳም የለበትም። ከሁሉ በላይ ሴሽኑ መሃል፣ ሰውየው ባርቤል ተሸክሞ እያለ አይነሳ! ሁለተኛው ማስታወሻም ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ ቀጣዩ ቀጠሮ የሚያዘው ሒሳቡ ሲዘጋ እንደሆነ መንገር ነው።

በካርድ የተከፈለ ገንዘብ ተከፍሎም አያልቅም፤ ሰልጣኙ ባንኩ ጋ ሄዶ «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ሊል ይችላል። ያኔ ባንኩ የሚጠይቀው ማስረጃ ነው። ሰልጣኙ በየሴሽኑ መገኘቱን የፈረመበት ዝርዝር፣ የቀጠሮ መልእክቶች፣ የተስማሙበት ደንብ። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሌባ ጋር የተያያዘ ነው። የሰው ኢሜይል ሰብሮ ገብቶ «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢንቮይስ መላክ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ሰልጣኞቻችሁን «የሒሳብ ቁጥር ከቀየርኩ በአካል ነው የምነግራችሁ» በሏቸው።

ሶፍትዌር ያስፈልጋል?

ለአምስት ሰልጣኝ ኤክሴል ይበቃል፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም፣ መጠን፣ የተከፈለበት ቀን፣ ቀሪ ሴሽን። ሰልጣኝ ሲበዛ ቀጠሮንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚይዝ አፕ ጊዜ ይቆጥባል።

ምርጫው የእናንተ ያልሆነበት አገርም አለ። ጣልያን ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ኢንቮይስ በመንግሥት የግብር ሥርዓት በኩል በኤሌክትሮኒክ እንዲያልፍ አድርጋለች፤ መጀመሪያ ነፃ የነበሩት ትንንሽ ነጋዴዎችም ከ2024 ጀምሮ ሁሉም ገብተዋል። እዚያ በኢሜይል የተላከ ፒዲኤፍ ለሰልጣኙ መረጃ ይሆነዋል እንጂ በሕግ ዓይን ኢንቮይስ አይባልም። ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት የአገራችሁ ግብር ሰብሳቢ የሚቀበለው መሆኑን አረጋግጡ።

የወጡትን ኢንቮይሶች አትጣሉ። እንግሊዝ ውስጥ የቫት ሰነድ 6 ዓመት ይቀመጣል፤ ጀርመን 10 የነበረውን ከ2025 ጀምሮ 8 አድርጋዋለች። ስልክ ላይ ብቻ ያለ ሰነድ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋልና ሌላ ቦታም ቅጂ ይኑራችሁ።